ቀዩ ባለ ነጠላ አበባ ወይስ የተዳቀለው? ለአዲስ አበባ ግቢ የሚሆን ሂቢስከስ

አዲስ ቤት የገባ ወዳጅ ሁሉ «ሂቢስከስ (ትልልቅ አበባ የሚያወጣውን የአጥር ቁጥቋጦ) ልተክል ነው፣ የቱን ልግዛ?» ይለኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተራውን ቀይ፣ ባለ ነጠላ (ባለ አንድ ረድፍ) አበባውን።

ዋጋው ብቻውን ክርክሩን ይዘጋል። መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ቀዩን 100 ብር ተጠይቄ በ70 ወስጃለሁ። አጠገቡ የተደረደረው ትልቅ ቢጫ «የተዳቀለ ነው፣ ከውጭ የመጣ» ተብሎ 1,200 ብር ተጠራበት። በዚህ ገንዘብ 17 ቀይ ችግኝ ገዝቶ አጥር መሙላት ይቻላል። እንዲያውም ቀዩ በነጻ ይገኛል። ጎረቤት አጥሩን ሲከረክም ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ይለምኑ፣ የታች ቅጠሎቹን ያራግፉ፣ ሰኔ ላይ ጥላ ያለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ይትከሉት። ክረምቱ ሳያልቅ ሥር ያወጣል።

የተዳቀለው ያምራል፤ አልክድም። አበባው የሻይ ሰሃን ያህል ይሰፋል። ነገር ግን የሁለቱም አበባ ብዙ ጊዜ የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ስለዚህ ዋናው ነገር በማግስቱ ሌላ መፍካቱ ነው። በዚህ ቀዩ አይታማም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይህን የሞቃት አገር ተክል ይጎዳዋል። ቀዩ ቅጠሉ ቢገረጣም ይጸናል፤ ቅንጡው ግን ቅጠሉንም እምቡጡንም ያረግፋል። ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ይህን ያህል አልከራከርም።

ሻጩ የተዳቀለው «በሌላ ሂቢስከስ ግንድ ላይ የተጋጠመ ነው» ካለ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ያለውን የመጋጠሚያ ጠባሳ ያሳይ። ጠባሳ ከሌለ ያን ዋጋ አይክፈሉ። ካለም ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቶሎ ቶሎ ይቁረጡ፤ ከሥር ያለው ብዙ ጊዜ ያው ብርቱ ቀይ ነውና ላይኛውን ውጦ ያስቀረዋል። አንዲት ጎረቤቴ «ቢጫዬን ቀይ አደረገብኝ» ብላ ሻጩን ልትከስ ደርሳ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ በቴሌግራም የሚሸጠው «ሰማያዊ ሂቢስከስ» ዘር ነው። ቀለሙ ያለው ፎቶው ላይ ነው። የተዳቀለ ሂቢስከስ ዘር እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ በፎቶ አምኖ ዘር መግዛት ሎተሪ መቁረጥ ነው።

ቀዩም ቢሆን ሲገዛ ይፈተሻል። ግንዱን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ወዲያው ከተነቀለ ትናንት ማታ የተሰካ እንጨት ነው። ከጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ቀዳዳ የተክሉ ሥር ብቅ ያለበትን ይምረጡ። ከቅጠሉ ጀርባ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካዩ በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ፤ የቀረውን ግቢዎን ያስጨርስዎታል።

«ሻዩንም እፈልጋለሁ» ለሚሉኝ፦ ሻዩ የሚፈላበት ከርከዴ ራሱ አንድ የሂቢስከስ ዝርያ ቢሆንም ከዚህ የአጥር ተክል የተለየ ነው። በየዓመቱ ከዘር ይዘራል፣ ሙቀትም ይወዳል። አዲስ አበባ ላይ ለእሱ ከመልፋት ደረቁን ከመርካቶ መግዛት ይረክሳል።