የግሪክ ባህላዊ ጭፈራ፦ መድረክ ወይስ መንደር?

አቴንስ ውስጥ ፊሎፓፑ ኮረብታ ላይ የዶራ ስትራቱ ቲያትር አለ። የተመሠረተው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከየአካባቢው ጭፈራና ልብስ ሰብስቦ አቆይቷል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ግን ትኬት ቆርጠህ ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ በቃ።

የመንደሩ ሌላ ነው። ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ሲደርስ ከተማ የገባው ሁሉ ወደ ቀዬው ይመለሳል። አያትና የልጅ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። ፊት የሚመራው ከሁለተኛው ጋር በመሐረብ ይያያዛል፤ ሲዘልና ሲሽከረከር ያ ሰው ነው ደግፎ የሚይዘው። ሰሜን ምዕራብ ግሪክ ባለችው ኤፒሮስ ውስጥ ደግሞ ክላርኔት ነፊው ይሸለማል፤ ብሩን ግንባሩ ላይ የሚለጥፉለትም አሉ። ልክ እንደኛ! ማን እንደመራ፣ ማን ከማን ጎን እንደቆመ መንደሩ በሙሉ ልብ ይላል። የተኳረፈም እዚያው ይታወቃል።

እርምጃው ቢዛነፍም፣ እኔ መንደሩን እመርጣለሁ።