ለሊኑክስ ፋይል ሰርቨር ተጨማሪ ዲስክ፦ ኤልቪኤም፣ ዜድኤፍኤስ ወይስ ቢተርኤፍኤስ?

የሰርቨሩ ቦታ ሊያልቅ ሲቃረብ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የዲስክ ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሰርቨሩ ዲስኮቹን በምን ያስተዳድራል የሚለው ነው፤ አንድ ዲስክ ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋሉ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነውና። ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች በሬይድ 1 የተጣመሩበትን፣ አንዱ የሌላውን ሙሉ ቅጂ የያዘበትን የአነስተኛ ቢሮ ሰርቨር እንውሰድ።

ሰርቨሩ በኤልቪኤም፣ ማለትም በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ ቦታ በሚያስተዳድረው የሊኑክስ መሣሪያ፣ የሚሠራ ከሆነ ማስፋቱ ቀላል ነው። በላዩ የሚቀመጡት ፋይል ሲስተሞች (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁባቸው ሥርዓቶች)፣ ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ፣ ሠራተኛው ፋይል እየከፈተ ሳለ ይሰፋሉ፤ ኤክስት4 በኋላ ሥራ አቁሞ ሊጠብ ይችላል፣ ኤክስኤፍኤስ ግን አንዴ ከሰፋ በተግባር አይጠብም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ኤልቪኤም በተለመደው አሠራሩ ቦታ ይቀጥላል እንጂ ቅጂ አይይዝም። ከተጣመሩት ዲስኮች ጎን አንድ ብቸኛ ዲስክ ከቀጠላችሁ፣ እሱ በተበላሸ ቀን መላው ፋይል ሲስተም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ግዙ፤ መጀመሪያ በሬይድ 1 አጣምሯቸው፣ ከዚያ በነባሩ ቦታ ላይ ጨምሯቸው።

ዲስኮቹን ራሱ የሚያስተዳድር ፋይል ሲስተም የሆነው ዜድኤፍኤስም በዚህ አደረጃጀት ሁለት ዲስክ ይጠይቃል፤ በምላሹ ግን እያንዳንዱን መረጃ ሲያነብ ትክክለኛነቱን ያጣራል፣ የተበላሸውንም ከደህናው ቅጂ ይጠግናል። ለሒሳብ ሰነዶችና ለውሎች የምመርጠው እሱን ነው። ሬይድዜድን፣ ማለትም ዲስክ ሲበላሽ መረጃውን የሚያድን ትርፍ መረጃ በዲስኮቹ ላይ የሚበትነውን የዜድኤፍኤስ አደረጃጀት፣ ለሚጠቀሙ ደግሞ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 (በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የዜድኤፍኤስ ዕትም) አንድ አንድ ዲስክ እየጨመሩ ማስፋትን ፈቅዷል። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ ነባሩን ሬይድዜድ የሚያሰፋው ትእዛዝ «አታች» ነው። «አድ» ብላችሁ አንድ ዲስክ ብትሰጡት ብቻውን የቆመ፣ ቅጂ የሌለው ክፍል ይፈጥራል፤ ሬይድዜድ ካለበት ፑል (የዲስኮች ስብስብ) ውስጥም መልሶ ማውጣት አይቻልም። ሥርዓቱ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን በኃይል አትለፉ።

ገንዘቡ ለአንድ ዲስክ ብቻ ከበቃ፣ እንደ ዜድኤፍኤስ ዲስኮቹን ራሱ የሚያስተዳድረው ቢተርኤፍኤስ ይሻላል። መጠናቸው የተለያየ ዲስኮችን በሬይድ 1 ያስተናግዳል፤ በሁለቱ ባለ 4 ቴራባይት ላይ አንድ ባለ 8 ሲጨመር ጠቃሚው ቦታ ከ4 ወደ 8 ቴራባይት ያድጋል። ነባሮቹ ሞልተው ከሆነ ዲስኩን መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ «ባላንስ» በሚባለው ትእዛዝ መረጃው በሦስቱ ላይ እንደገና መከፋፈል አለበት፣ ይህም ረጅም ሰዓት ይወስዳል። የቢተርኤፍኤስን ሬይድ 5 እና 6 ግን ለሥራ መረጃ አትጠቀሙ፤ የራሱ መመሪያም ያስጠነቅቃል።

የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑራችሁ፤ ከቅጂው ላይ ጥቂት ፋይሎችን መልሳችሁም ሞክሩ። ሬይድ በስህተት የተሰረዘን ፋይል አይመልስም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ ሥራውን አትጀምሩ።

ዲስኩን ስትገዙ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ጠይቁና ሲኤምአር (የመረጃ መስመሮቹ ያልተደራረቡ) መሆኑን አረጋግጡ። ኤስኤምአር ዲስኮች የመረጃ መስመሮችን ስለሚደራርቡ ረጅም ጽሕፈት ላይ እጅግ ይዘገያሉ፤ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ ሬይድ ሲታደስ ችግሩ ጎልቶ ይወጣል። ዌስተርን ዲጂታል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያላቸው «ሬድ» በሚል ስም የሚሸጡ አንዳንድ ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን በ2020 እ.ኤ.አ. አምኗል። ሬድ ፕላስና የሲጌት አይረንዎልፍ ሲኤምአር ናቸው። በካርቶኑ ላይ «ሬድ» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ።