አንዲት ቁልፍ የሞተችበት ላፕቶፕ፦ ከ14 ወር በኋላ

ይህን ላፕቶፕ ከገዛሁት 14 ወር ሆነኝ። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ 14 ኢንች። ስክሪኑም ፍጥነቱም ለእኔ ሥራ ይበቃሉ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ያቆየኛል። ልጽፍ ያስነሳኝ ግን ይህ አይደለም። አንዲት ቁልፍ ናት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በጠባብ ክፍል ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። ጣቴ ኪቦርድ ላይ ነው የሚውለው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። የ“ኤል”ን ቁልፍ ብቻ ስትጫኑ “ል” ይመጣል። “ለ” እንዲሆን “ኢ”ን ትጨምራላችሁ። ሺፍት ይዛችሁ “ኢ”ን ከጨመራችሁ “ሌ” ይሆናል። ስለዚህ “ኢ” ስትሞት አንዲት ፊደል ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ግዕዙም ኃምሱም አብረዋት ይሄዳሉ፤ በእነሱ የተጻፈው ሁሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። “ደሴ” ብላችሁ ስትጽፉ “ድስ” ይወጣል።

የእኔዋ በነሐሴ ነው የጀመራት። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሚውልበት ሰሞን ነበር። መጀመሪያ ጠንከር አድርጌ ካልተጫንኳት አትሰማም። ቀጥሎ በአንድ ጥግ ብቻ መሥራት ጀመረች። አንዴ እሺ ትላለች፣ አንዴ ዝም። እኔም ሥራ ስለበዛብኝ በዓይኔ እየለቀምኩ አርማለሁ እያልኩ ቀጠልኩ። ስህተቴ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከኩታበር የመጡ አባት የመሬት ክርክር አቤቱታ አጻፉኝ። ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ሰጠኋቸው። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። “መሬት” መሆን የነበረበት ሁለት ቦታ ላይ “ምርት” ሆኗል። “ወሎ” የሚለውም “ውሎ” ሆኗል። “ክብድ” ወይም “ስው” ቢሆን ዓይኔ ይይዘው ነበር። “ምርት” እና “ውሎ” ግን ትክክለኛ ቃላት ናቸው፤ ስታነቧቸው ያልፏችኋል። አባትዬው አልተቆጡም። “አብሽሪ ልጄ፣ ድገሚው” አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም። ያ ወረቀት እንዲያ ሆኖ ፍርድ ቤት ቢገባ ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ላፕቶፑን ወደገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ ቁልፏን ሁለቴ ተጫናት። “ኪቦርዱ በሙሉ ይቀየራል፣ 4,500 ብር” አለኝ። ቀጠለና “ይልቅ ይሄን ለእኛ መልሺልንና ጨምረሽ አዲሱን ስሱን ላፕቶፕ ውሰጂ” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ መግዛቴን ጠልቼው ነበር። ስገዛም ያገለገለ ዕቃ አትግዢ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ትክክል የነበሩ መሰለኝ። ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጥፋቱ የቁልፏ ነው ወይስ የዊንዶውስ? ዊንዶውስ ላይ ፊልተር ኪስ የሚባል ነገር አለ። የቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ ተጭኖ የያዘ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላል። ከበራ ኪቦርዱ ቶሎ ቶሎ የተጫናችሁትን አይቀበልም። እኛ “ጠ”ንና “ጨ”ን ለመጻፍ ሺፍት እንይዛለን፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አየሁ። ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ከጎረቤቴ በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ ተውሼ ሰካሁ። በእሱ “ኢ” ያለችግር ትጽፋለች። ስለዚህ ዊንዶውሱም የአማርኛ መጻፊያውም ደህና ናቸው። ሌሎቹን ቁልፎች ተራ በተራ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ይሠራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቁልፎች አንድ ላይ ቢሞቱ ኖሮ ወይ የኪቦርዱ ውስጥ መስመር ወይ ከላፕቶፑ ዋና ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ይጠረጠራል። አንዲት ብቻ ከሆነች ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ከሥሯ ነው። ሻጩ ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ኪቦርድ ሁሉ ይቀየር ከማለቱ በፊት ምናለ ቢያየው?

እስክጠግናት ድረስ ሥራ እንዳይቆም ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚወርደውን ፓወር ቶይስ ጫንኩና ካፕስ ሎክን “ኢ” አደረግኳት። ሦስት ቀን እንደዚያ ሠራሁ። የግራ ትንሿ ጣቴ አበጠች፤ ግን አንድም ደንበኛ አልመለስኩም።

እሑድ ዕለት ከፈትኳት። ማሽኑን አጠፋሁ፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ከታች ማንሸራተቻውን ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ሲም ካርድ የሚመጣበትን ስስ ፕላስቲክ ከቁልፏ ጥግ ሥር አስገብቼ ቀስ ብዬ ቀና አደረግኳት። “ጭቅ” ብላ ተነሳች። ይህን ስታደርጉ እንደ መቀስ የተጠላለፉትን ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች እንዳትሰብሩ። በስፔስ፣ በኢንተር ወይም በሺፍት ደግሞ አትጀምሩ። ሰፋፊዎቹ ቁልፎች ሥር የብረት ሽቦ አለ፤ ለመመለስ ያስቸግራል።

ከሥሯ የገብስ ቆሎ ገለባ ነበር። ዙሪያዋን ደግሞ የደረቀ ሻይ፤ ስኳሩ እንደ ሙጫ ሆኗል። ፋርማሲ የሚሸጠውን 70 በመቶ አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክሬ ጠረግኩት። ጥጡ እርጥብ ብቻ ይሁን፤ አልኮሉ እንዲንጠባጠብ አያስፈልግም። የቀረው 30 በመቶ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትቼው አደርኩ።

ጠዋት መለስኳት፤ አልሠራችም። ተስፋ ቆረጥኩ።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ኮምቦልቻ ነው የሚማረው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ። “ይዘሽው ነይ አክስቴ” አለኝ። ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ በጉም ወጥቼ ኮምቦልቻ በፀሐይ ገባሁ።

ልጁ ቁልፏን አንስቶ ጥቂት አየና “ጎማዋን አይተሻታል?” አለኝ። አላየኋትም ነበር። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የተደፋ ትንሽ ሲኒ የምትመስል ጎማ አለች። ከጎማዋ ሥር ሦስት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች አሉ። ላይኛውና ታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ታትሞባቸዋል። መካከለኛው ሁለቱን ያራርቃል፤ በየቁልፉ ሥር ግን ቀዳዳ አለው። ቁልፉን ስትጫኑ ጎማዋ ላይኛውን ንጣፍ በቀዳዳው በኩል ትገፋዋለች። ሁለቱ መስመሮች ሲነካኩ ፊደሉ ይጻፋል። የእኔዋ ጎማ ከተጣበቀችበት ለቃ ወደ ጎን ተንሸራታ ነበር። ስጫናት ቀዳዳው ላይ አትወርድም። ለካ በአንድ ጥግ ብቻ ትሠራ የነበረው ለዚህ ነው!

በስፌት መርፌ ጫፍ ትንሽ ማስቲሽ ነክቶ ከንፈሯን ብቻ ቀባና በቦታዋ አስቀመጣት። ውስጧ ከገባ ትበላሻለች አለኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ቡናም ጠጣን። ቁልፏን መለሰና “ጻፊ” አለኝ። “መሬት” ብዬ ጻፍኩ። መሬት ሆኖ ወጣ። ደግሜ ጻፍኩ። ደጋግሜ ጻፍኩ። ልጁ ዝም ብሎ ያየኛል፤ የምን መሬት እንደሆነ አያውቅም።

ወጪዬ አልኮል፣ ጥጥ፣ ማስቲሽና የሚኒባስ ተመላልሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነ፤ ቁልፏ አንድም ቀን አልከዳችኝም። ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ለስለስ ትላለች፤ ጣቴ ያውቃታል።

ስለዚህ ያን ሻጭ ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ። ስሱን ውሰጂ ያልከኝ፣ ስሱ ሲበላሽ እንዴት ነው የሚጠገነው? በብዙዎቹ ስስ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በፕላስቲክ ችንካር ቀልጦ የተያያዘ ነው። ለመቀየር ሽፋኑን ጨምሮ መግዛት ወይም ችንካሩን አንድ በአንድ መቁረጥ ነው። የእኔን ልጁ ገልብጦ አሳይቶኛል። ኪቦርዱን የያዙት ብሎኖች ናቸው፤ በተራ ካቻቢቴ ይፈታሉ። ነገ እውነትም መቀየር ካለበት ለብቻው ይቀየራል። ወፍራም ነው ብለህ የናቅከው ለዚህ ነው ወፍራም የሆነው።

ጥፋት የለውም አልልም። የ“ኤ” እና የ“ኤን” ጽሑፍ ከቁልፋቸው ላይ ጠፍቷል። ማራገቢያውም ይጮኻል። ግን ዛሬ ገንዘብ ቢኖረኝ ሁለተኛ የምገዛው ይህንኑ ነው። እናንተም ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኖትፓድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። በመሃልም በጥጉም። ሻጩ ቢቸኩል ይቸኩል። ከዚያ ገልብጡና ብሎኑን እዩ።

ባለፈው ሳምንት እኚያ የኩታበር አባት ለይግባኝ መጡ። ሌላ ጽሕፈት ቤት አልሄዱም። አቤቱታው ሦስት ገጽ ሆነ። ሳልሰጣቸው በፊት “መሬት” የሚለውን ቃል በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጊዜ አለ፤ ዘጠኙም መሬት ነው።