ዓባይ የተከናነበባት ከተማ፦ ሮምን ከጎጃም ሄዶ መጎብኘት

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ ሮም የምትኖር ልጃቸውን ለመጠየቅ የሄዱትን አጎቴን አጅቤ በጣሊያን ዋና ከተማ ዘጠኝ ቀን ቆይቻለሁ። አጎቴ ጎጃም ውስጥ ሰከላ ላይ ለብዙ ዓመታት ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ስለሆኑ እኔም እንደ አገሬው «የኔታ» እያልሁ ነው የምጠራቸው። ከተመለስሁ ወዲህ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያገኘኝ ሁሉ «ሮም እንዴት ናት? ለወጣው ገንዘብ ትመጥናለች?» ስለሚለኝ፣ ለእያንዳንዱ በአፍ ከመመለስ ለሁሉም በጽሑፍ ማድረስ ይሻላል ብዬ ይህን ግምገማ አዘጋጅቻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በእግሩ ለሚሄድና ለማይቸኩል ሰው ከተማይቱ ከወጣባት ገንዘብ በላይ ትሰጣለች፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አሳያለሁ የሚል አስጎብኚ ለሚከተል ግን ድካሟ ያመዝናል። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች እኛ በሄድንበት ጊዜ የነበሩ ናቸው፤ የታሪኩ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ስለ አገባቡ ብዙ የሚባል የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል፤ ከዚያ ያለማቋረጥ የሚሄደው ባቡር 14 ዩሮ አስከፍሎ በ32 ደቂቃ መሀል ከተማ፣ ቴርሚኒ ጣቢያ ያወርዳል። ከጣቢያው ደጅ ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹም በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግጠው ይህን አደባባይ ነው።

የኔታን ልጃቸው አስቀድማ በስልክ «እዚህ የዓባይ ሐውልት አለ» ብላቸው ስለነበር፣ ኮሎሲየሙንም ቫቲካንንም ወደ ጎን ትተን በመጀመሪያው ቀን ያመራነው ወደ ፒያሳ ናቮና ነው። አደባባዩ ሞላላ የሆነው በንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያኑስ የሩጫ ሜዳ ላይ ስለተሠራ ሲሆን፣ በመካከሉ ጃን ሎሬንሶ ቤርኒኒ ለሮሙ ጳጳስ ለኢኖሰንት ዐሥረኛ ሠርቶ በ1651 የፈጸመው የአራቱ ወንዞች ፋውንቴን ይገኛል። የኔታ «አራቱ ወንዞች» ሲባል የዘፍጥረቶቹ ኤፌሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ መስለዋቸው ነበር፤ እዚህ ያሉት ግን ዓባይ፣ ዳኑብ፣ ጋንጅስና ሪዮ ደ ላ ፕላታ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ይታወቁ ለነበሩት ለአራቱ አህጉራት አንድ አንድ ወንዝ መሆኑ ነው። አራቱ ግዙፋን በተፈለፈለ ዐለት ላይ ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የግራናይት ሐውልት ቆሟል፤ ከሥር አንበሳ ውኃ ሊጠጣ ጎንብሷል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ራሱን በጨርቅ ተከናንቧል። እርሱ ዓባይ ነው።

የኔታ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ከዞሩ በኋላ «ይህ ሰው ሐዘን ላይ ነው ወይስ ታሟል?» ብለው ጠየቁኝ፤ በእኛ አገር ሰው ጋቢውን በራሱ ላይ የሚጥለው በአብዛኛው ከሁለቱ በአንዱ ነውና። ቀራጩ ያከናነበው የወንዙ መነሻ አይታወቅም ለማለት ነው ብዬ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ልጅ ሆኜ ከብት ያጠጣሁበትን ነው አይታወቅም ያሉት?» አሉ። እውነትም ነገሩ ያስገርማል፤ ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ወጥቶ የዓባይ መነሻ የሆነውን የግሽን ምንጭ ያየው በ1618 ነው፤ ይህ ድንጋይ ከመቀረጹ ከሠላሳ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ደርሶ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ያለው ደግሞ በ1770 ነበር። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ የኔታ «ጨርቁ ሰም ነው፤ ወርቁ ግሽ ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ለዚህ ሐውልት የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ፋውንቴኑን ለማየት ምንም አይከፈልም፤ ከጎጃም የሚሄድ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው ይህን አይተው።

በማግሥቱ የአንድ ድርጅት የእግር ጉብኝት ገዝተን ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። አስጎብኚው ትሑትና እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ወጣት ቢሆንም፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰባት ቦታ ሊያዳርሰን ስለሚሮጥ፣ የ68 ዓመቱ አጎቴ ከኋላ እየቀሩ እኔ በመካከል ስመላለስ ዋለሁ። ይባስ ብሎም ናቮና ስንደርስ «ዓባይ ፊቱን የሸፈነው የቤርኒኒ ተቀናቃኝ የቦሮሚኒ ቤተ ክርስቲያን አስቀያሚ ስለሆነችበት ነው» ብሎ ሰውን አሳቀ። ቀልዱ በሮም የቆየ ነው፤ ነገር ግን ከፊት ለፊት ያለችው የቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው መልኳ መሠራት የጀመረችው ፋውንቴኑ ካለቀ በኋላ፣ በ1652 ስለሆነ ሊሆን አይችልም። ለእንዲህ ያለው አገልግሎት የከፈልሁትን ገንዘብ ዛሬም አዝንበታለሁ።

ከናቮና አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ሲሄዱ ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ መግቢያው 5 ዩሮ ነው። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያኑስ ዘመን የተሠራው ጉልላት ስፋቱ ከ43 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በውስጡ አንዲት የብረት ዘንግ ሳይኖር እስከ ዛሬ መቆሙ ግንባታ የሚያውቁትን ሁሉ ያስደንቃል። በአናቱ ያለው ክብ ቀዳዳ አይዘጋም፤ ዝናቡ ገብቶ በወለሉ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ይወርዳል። እኔን የበለጠ ያቆመኝ ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው፣ የዐድዋ ጦርነትም የተሸነፈው በእርሱ ዘመነ መንግሥት ነው። የኔታ መቃብሩን አይተው «እግዜር ይማረው» ብለው ብቻ አለፉ።

ለኮሎሲየሙ ቲኬት የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ የ18 ዩሮው ቲኬት የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል፤ በር ላይም ከፓስፖርት ጋር ስለሚመሳከር፣ የአባትና የአያት ስም ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው መሞላት አለበት። ሁለተኛ፣ 14፡30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ የእኔ ስልክ በእነርሱ ሰዓት፣ የየኔታ የእጅ ሰዓት በሰከላ ሰዓት ሲሄዱ፣ ልናመልጠው ምንም አልቀረን። ቲኬቱ የጥንቱን የሮማውያን አደባባይ (ፎረም) እና የፓላቲን ኮረብታን ስለሚጨምር ዋጋው ውድ አይደለም። ሕንፃው ራሱ በ80 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ትልቅነቱ አያከራክርም፤ ይሁንና ሰው ከአውሬ ጋር የሚታገልበትን ቦታ አይቶ መደሰት ለእኔ አልሆነልኝም።

ከዚያ ስትወጡ ግን ወዲያው አትሂዱ። ከአጠገቡ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የጨረሰበት ነው። በዚሁ መንገድ ጥቂት ወረድ ሲባል ደግሞ ፋሺስቶች በ1937 ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት ቆሞበት የነበረው የፖርታ ካፔና አደባባይ አለ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ስለተመለሰ አሁን እዚያ የለም፤ አለመኖሩን ለማየት ግን ከየኔታ ጋር ሠላሳ ደቂቃ ቆመናል።

ስለ ቫቲካን አጭር ልሁን፤ ቤተ መዘክሩ 20 ዩሮ፣ አስቀድሞ በኢንተርኔት ለሚይዝ ተጨማሪ 5 ዩሮ ነው፤ ሕዝቡ ግን እንደ ገበያ ቀን ስለሚጨናነቅ ሚካኤል አንጀሎ የሣለውን ጣሪያ በሰላም ማየት አይቻልም። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነጻ ሲሆን ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ የያዘች ሴት በር ላይ ጨርቅ ከመግዛት ትድናለች። ከዚያ ጀርባ፣ በቫቲካን አጥር ውስጥ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያርፉባት የነበረች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እንደ ልብ አይገባባትም። ቤርኒኒ ዓባይን ሲያከናንብ፣ በ1649፣ ጀርመናዊውን ምሁር ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። የዓባይን መነሻ ሰው ልኮ ማስጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

ምግብን በተመለከተ ጿሚ ሰው አይቸገርም። «ማሪናራ» የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ የሚሠራ ስፓጌቲም አለ፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ማለት ብቻ ይበቃል። «ፎርማጆ»፣ «ፎርኖ»፣ «ፒያሳ» ድሮም በአማርኛ ስላሉ የኔታ ቋንቋውን የሚያውቁ ያህል ተሰምቷቸው ነበር። ከጾም ውጭ የሚሄድ ግን ማኪያቶ ሲያዝ በትንሽ ሲኒ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና እንጂ የባሕር ዳሩ እንደማይመጣለት ይወቅ። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሲጠጣ ከ1 ዩሮ ብዙም አይበልጥም፤ ተቀምጦ ሲጠጣ ዋጋው ሊያሻቅብ ይችላል። በአንድ ስመ ጥር አደባባይ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ያላዘዝነውን ዳቦና «አገልግሎት» ብሎ በሒሳቡ ላይ ጨምሮብናል፤ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገብተን የበላንበት ትንሽ ቤት ግን በግማሽ ዋጋ የተሻለ አብልቶናል።

ውኃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የተተከሉ፣ ዛሬ 2500 ያህል የሚሆኑ፣ «ናሶኒ» ወይም «ትላልቅ አፍንጫዎች» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ሌት ተቀን ያፈስሳሉ፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል። የኔታ ይህን የመሰለ ነገር በከተማ አይተው አያውቁም፤ ካዩት ሁሉ በዚህ የተደነቁትን ያህል በምንም አልተደነቁም።

መንገዱ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ ስስ ጫማ አይሆንም። የ1 ዩሮ ከ50 ቲኬት 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ በማሽኑ ማስመታት ግን አይረሳ፤ ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም አያምርም። በተጨናነቀ አውቶቡስና በምድር ባቡር ውስጥ ቦርሳ ከፊት ይያዝ።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ናቮና ድጋሚ ሄድን። ሻጮቹና ፎቶ አንሺዎቹ ገና አልወጡም ነበር፤ ከውኃው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። አደባባዩን ማየት የሚሻለው በዚህ ሰዓት ነው። የኔታ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፍፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉና በዓባይ አንጻር ቆመው ፎቶ አንሣኝ አሉኝ።