«ለአጫሾች» የተባለው የደም ምርመራ ፓኬጅ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

በቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ላብራቶሪዎች «ለአጫሾች» እያሉ የሚሸጡትን የደም ምርመራ ፓኬጅ እያጨስኩም፣ ማጨስ ካቆምኩ በኋላም አሠርቼዋለሁ። ግማሹ ጥሩ ነው። ግማሹ ግን ገንዘብ ይበላል።

ከጥሩው ልጀምር። ሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን)፣ የነጭ የደም ሴል ቆጠራና የኮሌስትሮል ምርመራ አሉበት። ተራ ምርመራዎች ናቸው፣ ግን ሲጋራ ምን እየሠራ እንደሆነ ያሳያሉ። ጭሱ በገባ ቁጥር ሰውነት ይቆጣል። ስለዚህ አጫሽ ላይ ነጭ የደም ሴልም ሲአርፒም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ደግሞ ይወርዳል። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ደም የሚያረጋው ፕሮቲንም ይጨምራል። ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው አንዱ መንገድ ይሄ ነው፤ ደሙ ለመርጋት የቀረበ ይሆናል።

ሲአርፒ ስታሠሩ ለልብ የሚሠራው፣ ትንሽ መጠን እንኳ የሚለየው ዓይነት (hs-CRP) መሆኑን ጠይቁ። በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ ስጋት ነው፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ። ከ10 ካለፈ ምናልባት ኢንፌክሽን ይዟችሁ ይሆናልና ሲሻላችሁ ድገሙት። ይህን ያስረዳኝ ሐኪም ነው። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ የነበረው ቀይ ቀስት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውዱ ክፍል፣ «የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ውጤት» ወደሚሉት፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ሰውነት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት እለካለሁ የሚል ምርመራ ነው። ሳይንሱ እውነት ነው፣ ማንም እንዳያሳስታችሁ። አንድ ጊዜ በሚሳብ ጭስ ውስጥ በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ፍሪ ራዲካሎች አሉ። እነሱ ደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል እንዲበላሽ ያደርጉታል፣ የተበላሸውን ደግሞ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ያሉ ተከላካይ ሴሎች እየዋጡ እዚያው ይከማቻሉ፣ ስሩም ቀስ በቀስ ይጠብባል። በ1990 አይሶፕሮስቴን የሚባል የዚህ ጉዳት ምልክት ታወቀ። በ1995 በወጣ ጥናት ደግሞ አጫሾች ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ማጨስ ሲያቆሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረደ። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ሰውነት እንዲህ ቶሎ መልስ ይሰጣል!

ችግሩ እኛ የሚሸጥልን ሌላ መሆኑ ነው። የኔ ወረቀት ላይ የተለካው አይሶፕሮስቴን ሳይሆን ማሎንዲያልዲሃይድ የሚባል ሌላ የስብ ጉዳት ምልክት ነበር፣ ያውም ከሌሎች ነገሮች ጋር በሚምታታው ርካሽ ዘዴ። ደግሞ ደም ከተቀዳ በኋላ ውስጡ ያለው ስብ ብልቃጡ ውስጥም መበላሸቱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ቶሎ መቀዝቀዝና መጣራት አለበት። የኔ ብልቃጥ ግን ስሜ ተለጥፎበት ትሪ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ቆየ። ነርሷ ሌላ ሰው እየቀዳች ነበር። በረዶ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ለዚህ ምርመራ ሁሉም የተስማማበት የስጋት ወሰን የለም። ሆኖም ሪፖርቱ እንደ መኪና ፍጥነት መለኪያ የተሳለ ነገር ሠርቶ መርፌውን ቀዩ ላይ አቁሞታል። ካቆምኩ በኋላ ስደግመው ሲአርፒዬና ነጭ የደም ሴሌ ወርደዋል፣ መርፌው ግን እዚያው ነው።

በጣም ያናደደኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ቀዩን መርፌ አሳይተው የአንቲኦክሲዳንት ክኒን (ፍሪ ራዲካሎችን ይከላከላል የሚባል) ግዙ ይላሉ። ይሄ ለአጫሽ ቀልድ አይደለም! ፊንላንድ ውስጥ በአጫሾች ላይ ተሠርቶ በ1994 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ቤታ ካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በ1996 አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ጥናት በዚሁ ምክንያት ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ቫይታሚን ኢም ቢሆን በትልልቅ ሙከራዎች ልብን ሲያድን አልታየም። አጫሽ ቫይታሚን ሲ እንደሚያንሰው እውነት ነው፣ ግን እሱን ከፍራፍሬና ከአትክልት ማግኘት ይቻላል።

ሌላው የሚያሰጋኝ አረንጓዴ ውጤት ነው። «ደሜ ንጹህ ነው» ብሎ በቀን አንድ ሁለት ሲጋራ የሚቀጥል ሰው አውቃለሁ። በ2018 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ግን በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ ሃያ የሚያጨሰው ከተጋረጠበት ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አሳይቷል። ይህን የሚነግራችሁ ብልቃጥ የለም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ሙሉ ፓኬጁን ተዉት። ሲአርፒ፣ የደም ቆጠራና ኮሌስትሮል ለየብቻ አሠሩ፣ ደም ግፊታችሁንም ተለኩ፣ ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለአገልግሎቱ ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ለሠራተኞቹ ትህትናና ውጤቱ በቀጠሮው ስለደረሰ ነው። ላብራቶሪው ይህን ካነበበው ደግሞ የክኒኑን ገጽ ያውጣና በቦታው ማጨስ ለማቆም እርዳታ የት እንደሚገኝ ይጻፍበት።