«ሙሉ አዲስ ቀለም» የሚል ኮርቬት ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ሆናችሁ ያገለገለ ኮርቬት (የሼቭሮሌት የስፖርት መኪና) ለምትፈልጉ ወገኖች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ሙሉ አዲስ ቀለም የተቀባ» የሚል ስታዩ ዋጋ አትጨምሩ፤ ጠርጥሩ። አፍንጫው በጠጠር የተነካካ ሆኖ የፋብሪካ ቀለሙን የያዘ መኪና፣ በቅርቡ ተረጭቶ ከሚያብለጨልጨው ብዙ ጊዜ የተሻለ ግዢ ነው።

በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፍሊንት ሚሺጋን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 300 ከተሠሩበት ጊዜ ጀምሮ የኮርቬት አካል የብረት ላሜራ ሆኖ አያውቅም። ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በሬዚን (በሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) የተያያዘ የመስታወት ክር፣ ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ ቅይጥ ነው። የብረት መኪና ላይ ጠጠር ቀለሙን ሲያነሳ ዝገት ስለሚጀምር ቶሎ ማስቀባት ልማዳችን ሆኗል። ፋይበር አይዝግም። የጠጠር ጠባሳው ጥልቅ ሆኖ የፋይበሩ ክር ካልታየ በስተቀር ጉዳቱ የመልክ ብቻ ነው። ሻጩ «ሳይበላሽ አስቀባሁት» ሲላችሁ የሚጫወተው በዚህ የብረት መኪና ልማዳችን ነው። የጠጠር ጠባሳ ብቻ ያለበትን መኪና አፍንጫውን ብቻ ማስቀባት ይበቃ ነበር። ታዲያ ጣራውና የኋላ ፓራፋንጎው ለምን ተቀባ?

መልሱ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ነው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ባትላሜራ ያቃናዋል። ፋይበር አይጎብጥም፤ ወይ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ወይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በደንብ ለመጠገን ከተቻለ ከሁለቱም በኩል እስከ ሥሩ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ጠርዙን ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ያህል እያሳሱ ማስተኛት፣ ከዚያ የመስታወት ክር ጨርቅ በሬዚን እያራሱ በንብርብር መገንባት ያስፈልጋል። ርካሹ መንገድ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ነካ አድርጎ ስቱኮ መለሰን ነው። ስቱኮ ክር ስለሌለው ጉልበት አይሸከምም። መኪናው ፀሐይ ሲመታውና መንገድ ሲያነቃንቀው ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ስንጥቅ በአዲሱ ቀለም ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ያኔ ገንዘቡ የሻጩ ነው።

የሬዚኑ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ መኪኖች በፖሊስተር ሬዚን የተሠሩ በመሆናቸው በዚያው ዓይነት ሊጠገኑ ይችላሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያሉት አካላት ግን በሙቀትና በግፊት የተቀረጸ፣ ኤስ ኤም ሲ የሚባል ቅይጥ ናቸው። በዚህ ላይ ተራ ፖሊስተር አጥብቆ አይዝም፤ ኤፖክሲ ወይም ለኤስ ኤም ሲ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ይፈልጋል። የጀልባ መጠገኛ ሬዚን የተጠቀመ ጋራዥ ጥገናው ሲላቀቅ «የመኪናው ባህርይ ነው» ይላችኋል። አይደለም።

ሁለተኛው ችግር አሮጌውን ቀለም ማንሳት ነው። ለብረት የተሠራ ጠንካራ የኬሚካል ቀለም ማንሻ ሬዚኑን ራሱን ያለሰልሰዋል፣ ወደ ውስጥም ይሰርጋል። በአሸዋ መንፋት ደግሞ ላይኛውን የሬዚን ሽፋን በልቶ ክሩን ያጋልጣል። ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው፦ በምላጭ እየገፈፉ፣ ወይም ለፋይበር የተፈቀደ ማንሻ በጥቂቱ እየተጠቀሙ፣ ቀሪውን በእጅ ማሸት። አንድ መኪና በዚህ መንገድ ለማራቆት ብዙ ቀን ይፈጃል። ርካሽ ጋራዥ ይህን ጊዜ ስለማያወጣ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይደርባል፤ ከ1981 በፊት ሴንት ሉዊስ በተሠሩት መኪኖች ላይ ከታች ያለው ደግሞ ቀድሞውንም የመሰነጣጠቅ ጠባይ ያለው፣ ላከር የሚባል የድሮ ቀለም ነው። በሬዚኑ ቀዳዳዎች የተደበቀ ቲነር ወይም ውኃ መኪናው በቀለም ማድረቂያ ምድጃ ሲሞቅ፣ ወይም በበጋ ፀሐይ ሲቆም፣ ቀለሙን ከሥር እየገፋ አረፋና የመርፌ ቀዳዳ ያወጣል። ችግሩ ቀለሙ በተረጨ ማግስት ስለማይታይ ነው ገዢው የሚታለለው።

ፓራውልቱ የራሱ ጉዳይ አለው። ከ1973 ጀምሮ የፊቱ፣ ከ1974 ጀምሮ የኋላው ፓራውልት ሽፋን ፋይበር ሳይሆን ዩሬቴን የሚባል ተጣጣፊ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ በ70ዎቹ መኪኖች ላይ ፓራውልቱና አካሉ ትንሽ የቀለም ልዩነት ቢኖራቸው ብቻውን የአደጋ ማስረጃ አይሆንም፤ ከፋብሪካም እንዲሁ ወጥተዋል። ተጣጣፊ ማድረጊያ ሳይጨመርበት የተረጨ ፓራውልት ግን በመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ግፊት እየተሰነጠቀ ይላጣል።

ስትመረምሩ ብዙ ሰው የሚይዘው ርካሽ የቀለም ውፍረት መለኪያ እዚህ አይሠራም። ማግኔትና ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው መሣሪያ ከሥር ብረት ይፈልጋል። ፋይበር ላይ የሚሠራው በአልትራሳውንድ የሚለካው ነው፤ ውድ ስለሆነ ያለው መርማሪ መቅጠር ይሻላል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ሚል ይሆናል፤ አንድ ሚል 25 ማይክሮን ገደማ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ እንደገና ሳይቀባ አይቀርም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በድንገት ወደ 20 ከዘለለ ከሥሩ ስቱኮ ፈልጉ።

መሣሪያ ከሌለ የእጅ ባትሪ በቂ ነው። ከሁሉ በፊት መኪናው ሥር ግቡ፤ ላዩን ማሳመር ቀላል ነው፣ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ገጽ ግን የሚያሳምር የለም። ጀርባው ወጥ መሆን አለበት። ነጭ የክር ጢም፣ የደረቀ የሬዚን ጠብታ፣ አዲስ የጨርቅ ቁራጭ ወይም የአዲሱ ቀለም ጉም ካያችሁ ድብቁን አገኛችሁ። ቀጥሎ የበር ላስቲኮችን ገልበጥ አድርጉ፣ የነዳጅ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከ1963 እስከ 2004 ያሉት መኪኖች ላይ ደግሞ የሚነሱትን የፊት መብራቶች አስነስታችሁ ጠርዛቸውን በጥፍር ዳብሱ። የቴፕ እርከን (ቀለሙ በተለጠፈ ቴፕ ላይ የቆመበት ጠርዝ) ካለ ጋራዡ ዕቃውን ሳይፈታ ረጭቷል ማለት ነው።

በተለይ ከ1963 እስከ 1982 ባሉት ላይ «ፋይበር አይዝግም» የሚለውን ነገር ብቻ አትመኑ። የፊት መስታወቱንና በሮቹን የሚሸከመው የውስጥ አጥንት ብረት ነው፤ ውኃ ሲሰርግ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ደግሞ ፋይበሩ ይሸፍነዋል። በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን የጌጥ ማቀፊያ አስፈትታችሁ እዩ። የሚከለክላችሁን ሻጭ ተዉት፤ ይህን ብረት መጠገን ከቀለሙ በላይ ያስከፍላል።

የመኪና ታሪክ ሪፖርት ንጹሕ መሆኑም ብዙ አይጠቅምም። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ጥገና አይመዘገብም። ዲለሩ መስኮቱ ላይ የሚለጥፈው የገዢ መመሪያ «ባለበት ሁኔታ» ካለ ቀለሙ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ላይ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። «የቀለም መከላከያ ሴራሚክ ጨምረናል» ለሚሉትም አትክፈሉ፤ ሴራሚክ ጠጠር አያቆምም።

እናንተም ማስቀባት ከፈለጋችሁ ሁሉ ነገሩ ተፈትቶ፣ አሮጌው ቀለም ተገፎ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ሙሉ ቀለም ከ10,000 ዶላር በላይ መሆኑን ዕወቁ። በ1,500 የሚሠራላችሁ ሰው ከላይ የተባሉትን ሥራዎች ይዘላል። የሚፈቱትን ዕቃዎች፣ የሬዚኑንና የፕራይመሩን ዓይነት፣ አሮጌው ቀለም እንዴት እንደሚነሳ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ራቁቱን ያለውን አካል ፎቶ እንዲያነሱ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ50 ዶላር በላይ ለሆነ ጥገና የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ያለ ፈቃዳችሁም ከግምቱ 10 በመቶ በላይ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ክርክር ቢነሳ ባንኩ ይሰማችኋል።

ለጠጠር ጠባሳ ግን ጋራዥ አያስፈልግም። ከ2005 እስከ 2019 ባሉት ሞዴሎች የቀለሙ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ባለው ሳጥን ውስጥ ያለው ተለጣፊ ላይ ነው፤ በ«ደብልዩ ኤ» የሚጀምረውን ፈልጉ። ቦታውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፣ የተነሳውን ጠርዝ አስተካክሉ፣ ቀለሙን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ በጣም በቀጭኑ ከ3 እስከ 4 ጊዜ እያደረቃችሁ ሙሉ፣ በመጨረሻ ክሊር (ቀለም የሌለው መሸፈኛ) አድርጉበት። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተነፋውን በ2000 ከዚያ በ3000 ቁጥር ውኃ የነካው ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና ፖሊሽ አድርጉ። አፍንጫው ላይ ግልጽ መከላከያ ፊልም የምታስለጥፉ ከሆነ በፋብሪካ ቀለም ላይ ይሁን፤ በርካሽ በተረጨ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።