ቴክሳስ ወይስ ዋሽንግተን ስቴት? ደመወዝ ላይ ግብር የሌለባቸው ሁለት ስቴቶች ሲነጻጸሩ

«ቴክሳስ ታክስ የለም» ብሎ ከሲያትል ወደ ዳላስ ዕቃውን የሚጭን ሰው ሂሳቡን የጀመረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ዋሽንግተንም ከተራ ሠራተኛ ደመወዝ የስቴት ገቢ ግብር አይቆርጥም። ልዩነቱ ሁለቱ ስቴቶች ገንዘቡን ከየት እንደሚሰበስቡና ለማን እንደሚመልሱ ነው።

ከቤት እንጀምር። በዳላስ ዙሪያ 400,000 ዶላር ደህና የቤተሰብ ቤት ይገዛል፤ ሲያትል ባለችበት በኪንግ ካውንቲ ለዚያው ቤት እጥፍ ማሰብ ይሻላል። የንብረት ግብሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ ቴክሳስ 2 በመቶ አካባቢ፣ ኪንግ ካውንቲ 1 በመቶ አካባቢ። ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች በዓመት 8,000 ገደማ ያስከፍላሉ። ልዩነቱ ያለው ሞርጌጁ ላይ ነው። 10 በመቶ ዳውን ተከፍሎ፣ በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ቢበደሩ፣ የዳላሱ በወር 2,275፣ የሲያትሉ 4,550 ይመጣል። በዚህ በኩል ቴክሳስ በግልጽ ያሸንፋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ከገዛ በኋላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ጃንዋሪ 1 ላይ በነበረበት ሁኔታ ነው። አዲስ ቤት ከገዛችሁና በዚያ ቀን ባዶ መሬት ከነበረ፣ የመጀመሪያው ዓመት ግብር የመሬቱ ብቻ ነው፤ አበዳሪው በዚያ ትንሽ ቁጥር ኤስክሮውን፣ ማለትም ለግብርና ለኢንሹራንስ ብሎ ከወር ክፍያው ጋር የሚሰበስበውን ገንዘብ፣ ያሰላል። በሁለተኛው ዓመት የሙሉ ቤት ግብር ሲመጣ የጎደለውን መሙላትም፣ የወደፊቱን ማሳደግም አንድ ላይ ይደራረባሉ፤ የወር ክፍያው በመቶዎች ዶላር ይዘላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በሙሉ ዋጋው አስልታችሁ ልዩነቱን ለብቻ አስቀምጡ። የሆምስቴድ ቅናሹ (ራሳችሁ ለምትኖሩበት ቤት የሚሰጠው የግብር ቅናሽ) ማመልከቻ ለካውንቲው ግምት ቢሮ በነፃ ይገባል፤ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው አድራሻ ከቤቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው ግብር ላይ ከቤቱ ዋጋ 140,000 ዶላር ያስቀንሳል፤ ቅናሹ ከጸና በኋላ ደግሞ ግብር የሚከፈልበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይይዛል። «እኛ እናስገባላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣ ቅርጫት ውስጥ ክተቱት። ግምቱ በዛ ብሎ ለመከራከር የተለመደው ቀነ ገደብ ሜይ 15 ነው።

ኢንሹራንሱም ተመልካች ይፈልጋል። ዳላስ የበረዶ ድንጋይ ጣሪያ የሚቀጠቅጥበት አገር ስለሆነ፣ የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው የሚጻፈው። 2 በመቶ ማለት በ400,000 ኢንሹራንስ ላይ 8,000 ከኪስ ነው፤ አንዳንድ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር እንኳ ከዚያ ብዙም አያልፍም። አፈሩም መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን ይዞት ይሄዳል። ከመግዛት በፊት በሮች በደንብ መዘጋታቸውን፣ ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ አለመኖሩን እዩ። ሲያትል ላይ የምትፈትሹት ጣሪያ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) እና እርጥበትን ነው።

ተከራይ ለሆነ ሰው ሚዛኑ ይዞራል። ዋሽንግተን በ2025 ባወጣው ሕግ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ10 በመቶ ማለፍ አይችልም፤ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን አይነካቸውም። ቴክሳስ ገደብ የለም። እዚያ «አንድ ወር ነፃ» የሚለው ማስታወቂያ ያታልላል፤ ውሉ ሲታደስ ጭማሪው የሚታሰበው ከቅናሹ በፊት በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው።

የሰዓት ደመወዝ ወለሉ ቴክሳስ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል፤ ዋሽንግተን በ2026 17.13፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ 21.30 ነው። በርግጥ ዳላስ መጋዘን ውስጥ በ7.25 የሚሠራ የለም ማለት ይቻላል፤ ገበያው ከፍ አድርጎታል። ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ወለል ግን የለም። ዋሽንግተን ለቤተሰብ ፈቃድና ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ከደመወዝ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ተደምረው ከ1.5 በመቶ በታች ናቸው። በምላሹ 820 ሰዓት የሠራች እናት ስትወልድ እስከ 16 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት ታገኛለች።

ሕክምናው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ቴክሳስ ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ስላላሰፋ ጤነኛ፣ ልጅ የሌለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው አይገባም፤ ዋሽንግተን ይገባል። በዲቪ ለመጣ አዋቂ የፌዴራሉ የአምስት ዓመት ገደብ ዋሽንግተንም ውስጥ እንቅፋት ይሆናል፤ ልጆቹ ግን የገቢ መስፈርቱን ካሟሉ ወዲያው ይሸፈናሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት ከአሠሪ ኢንሹራንስ ካላቸውና ቤት መግዛት ከፈለጉ ቴክሳስ ይሻላል፤ በሰዓት የሚሠራና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግን ሲያትል ውድ ናት ብሎ ባይቸኩል ጥሩ ነው።

ዳላስ ላይ መብራት እንደ ስልክ ካምፓኒ ተመርጦ ይገባል። 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲሞላ ብቻ ቅናሽ የሚሰጥ ዕቅድ አትውሰዱ፤ 990 ስትጠቀሙ ቅናሹ ይጠፋል። የዋጋ መግለጫው ላይ 500፣ 1,000 እና 2,000 የሚሉትን ሦስቱንም ዋጋ አነጻጽሩ፤ ውሉም ኦገስት ላይ እንዳያልቅ አድርጉ። ሐበሻ የበዛበት ጋርላንድ አብዛኛው ክፍሉ የከተማው የራሱ መብራት ስላለው ምርጫ የለውም።

የሽያጭ ታክስ ቴክሳስ ቢበዛ 8.25፣ ሲያትል ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ አስቤዛ በሁለቱም ነፃ ነው። አየሩ የታወቀ ነው፦ ዳላስ በጋው 38 ዲግሪ ያልፋል፣ ሲያትል ዲሴምበር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ፀሐይ ትጠልቃለች።

መኪናችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ቴክሳስ በ30 ቀን ታርጋ፣ በ90 ቀን መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የአዲስ ነዋሪ ታክሱ 90 ዶላር ነው። ዋሽንግተን ሁለቱንም በ30 ቀን ይፈልጋል፤ በሲያትል አካባቢም ለባቡሩ ተብሎ ከመኪናው ዋጋ 1.1 በመቶ በየዓመቱ ይጨመራል። መኪናውን ነዋሪ ከመሆናችሁ በፊት ከ90 ቀን በላይ ከነዳችሁት፣ ዋሽንግተን ከውጭ በገባ መኪና ላይ ከሚጠይቀው የአጠቃቀም ታክስ (use tax) ነፃ ናችሁ፤ የድሮውን ታርጋ ወረቀት አትጣሉት፣ መስኮቱ ላይ ይጠየቃል።